እሑድ እሑድ የሚተወኝ ሕመም

ይህን የምጽፈው ራሱን ያመመው ሰው ሁሉ እንዲደነግጥ አይደለም። የራስ ምታት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም በራሱ ጊዜ ያልፋል። የእኔ ሕመም ግን ከአንድ ቤት ጋር የተያያዘ ነበር፤ ይህ እስኪታወቅ ድረስ ደግሞ ሰው ሞተ። የኮሌጃችን የጤና ክበብ አባላት ጻፊው ሲሉኝ ብዙ አመነታሁ። የማስታወስ ችሎታዬ ገና ሙሉ በሙሉ ስላልተመለሰ፣ የጎደለኝን አክስቴንና በቦታው የነበሩ ሰዎችን እየጠየቅሁ ሞላሁት። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ገሚሱ ያየሁት፣ ገሚሱ የተነገረኝ ነው።

ወላጆቼ የሚኖሩት ዋጫ አጠገብ ነው። ቦንጋ ኮሌጅ ሲደርሰኝ እናቴ ለታናሽ እህቷ ለወርቅነሽ አደራ ሰጠችኝ። አክስቴ መናኸሪያው አካባቢ ምግብ ቤት አላት። ማደሪያዬ ከማእድ ቤቱ ጋር በአንድ በር የሚገናኝ ትንሽ ክፍል ሆነ። ጠዋት ከትምህርት በፊት፣ ማታም ከትምህርት መልስ በማእድ ቤቱ ሥራ አግዛለሁ።

ስለ ማእድ ቤቱ ትንሽ ማብራራት አለብኝ። ድሮ ጓሮ ላይ በቆርቆሮ የተከደነ፣ ግድግዳ የሌለው፣ በእንጨት የሚነድ ነበር። ጭሱ ጎረቤት ያስለቅሳል፣ ምሰሶው ጥላሸት ለብሷል። የከተማው የንጽሕና ተቆጣጣሪዎች በመጡ ቁጥር አክስቴን ይወቅሷት ነበር። እሷ ደግሞ መወቀስ አትወድም። ከእቁቧ ገንዘብ ሲደርሳት በብሎኬት አሠራችው፤ ኮርኒስ አስገባች፤ ነጭ ቀለም አስቀባች፤ ዝናብ እንዳይገባ መስኮቱን በወፍራም ላስቲክ አስመታች። እንጨቱን ትታ ወደ ከሰል ዞረች። ከሰል ጭስ የለውም፣ ግድግዳም አያጠቁርም። ተቆጣጣሪዎቹ ተደሰቱ። «ሞዴል ምግብ ቤት» የሚል ወረቀት ሰጥተዋት አዳራሹ ውስጥ ሰቀለችው። ሌሎች ባለ ምግብ ቤቶችንም ለልምድ ልውውጥ እያመጡ ማእድ ቤቱን ያስጎበኙ ነበር። ሰዎቹ ግድግዳውን በእጃቸው እየነኩ ያደንቃሉ። ሁለት ሦስቱ እንዲሁ አድርገው እንዳሠሩ ኋላ ሰማን።

ወጥ የምትሠራው እትዬ አስካለች ነበረች። የደካ ሰው ናት፤ ቦንጋ የመጣችው በወጣትነቷ ነው። ሁለት ልጆቿን ደካ ትታ እዚያው ምግብ ቤቱ ውስጥ ታድራለች። ስትቆጣ በአማርኛ ትጀምርና በካፊኖኖ ትጨርሳለች። በወር እየከፈሉ ከሚመገቡት መምህራን መካከል ጋሽ ደምሴ የሚባሉ የጎጃም ሰው ነበሩ፤ ከእሷ ጋር ሳይላከፉ ማዕድ አይቀርቡም። አንድ ቀን፣ «አስካለች፣ የዛሬው ሽሮ በርበሬው የት ሄደ?» አሏት። «ጎጃም ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል፤ ሲመለስ እጠራዎታለሁ» አለቻቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን የሳቁን ማብቂያ ሳትጠብቅ ግንባሯን በሻሽ አጥብቃ እያሰረች ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ሻሿን ሁልጊዜ አጥብቃ ነበር የምታስረው። አስተሳሰሯ ነው ብለን ነበር።

እኔን መጀመሪያ ያመመኝ ጥቅምት ውስጥ ነው። ጠዋት ስነሣ ግንባሬን ከግራና ከቀኝ የሆነ ነገር ይጫነኛል። ያቅለሸልሸኛል። ኮሌጅ ስደርስ ቀለል ይለኛል፤ ማታ ምድጃው አጠገብ ስቆም ተመልሶ ይይዘኛል። ጥናት በዝቶብኝ ነው ብዬ አልተጨነቅሁም፤ አዲስ ተማሪ ሁሉ ይደክማል። ሳምንታት ሲያልፉ ግን የተባለውን መርሳት ጀመርኩ። የአንድ ለአምስት ቡድናችን መሪ ድርሻዬን ስትጠይቀኝ፣ ድርሻ እንደተሰጠኝም አላስታወስኩም። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። አስተማሪ እያየኝ እንቅልፍ ይወስደኛል። በሰው ፊት ሰነፍ መባልን እጅግ ስለምፈራ፣ እንዳልተኛ እጄን እየቆነጠጥኩ እቀመጥ ነበር።

አክስቴ የግል ክሊኒክ ወሰደችኝ። ጠባብ ኮሪደር ውስጥ፣ ከእናቶችና ከሚያለቅሱ ሕፃናት መካከል ተደርድረን ጠበቅን። ደም ሰጠሁ። ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባለ፤ መርፌ ታዘዘልኝ። መርፌው ሲያልቅ ሕመሙ አላለቀም። ሌላ ክሊኒክ ጨጓራ ነው አሉ። ቀጥሎ ደም ማነስ ሆነ። ጋሽ ደምሴ ዓይኗ ይሆናል ስላሉ የዓይን ምርመራም ሄድኩ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሁሉም የት ያምሻል ብለው ጠይቀውኛል። የት ትውያለሽ፣ የት ታድሪያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም፤ እኔም መናገር እንደሚገባኝ አላውቅም ነበር።

ማቅለሽለሹ ሲበረታ ግን ሌላ ነገር መጣ። አንድ ጠዋት ጓሮ አስመልሶኝ ስመለስ አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ምሕረት፣ እናትሽ አደራ ብላ ነው የሰጠችኝ። የሆነ ነገር ካለ ከሌላ ሰው ሳልሰማ ዛሬ ንገሪኝ።»

«ምንም የለም እታባ።»

«ምንም የሌለባት ልጅ ጠዋት ጠዋት አታስመልስም።»

ያንኑ ቀን ወደ ክሊኒኩ መለሰችኝና የእርግዝና ምርመራ አስደረገችኝ። ውጤቱ እስኪመጣ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ፣ ባልሠራሁት ነገር እፍረቴ ፊቴን ሲያቃጥለኝ ይሰማኝ ነበር። እርግዝና የለም ተባለ። አክስቴ ይቅርታ አላለችኝም። በሚቀጥለው ጠዋት ግን ሳልጠይቃት ትኩስ ወተት አቀረበችልኝ። እትዬ አስካለች በጎን መጥታ፣ «ጠጪ፣ የወተት ይቅርታ ከአፍ ይቅርታ ይሻላል፣ ያጠግባል» አለችኝ። ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

የሴሚስተር እረፍት ሲሆን ዋጫ ሄድኩ። ተሻለኝ። መድኃኒት ሳልወስድ፣ ከደረስኩ ጥቂት ቀናት በኋላ ያልታመምኩ ያህል ሆንኩ፤ ከእናቴ ጋር ውኃ ቀድቼ ዳገት ስወጣ እንኳ አልደከመኝም። እናቴ ከዚህ በመነሣት ልጄን እህቴ በሥራ ገደለቻት ብላ ደመደመች። በስልክ ተጣሉ። አክስቴ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ክሊኒክ ለክሊኒክ ያንከራተተኝ ማን ሆነና ነው አለች። ለመድኃኒት ብላ እናቴ ለዓመት ያስቀመጠችውን ኮረሪማ ሸጣ ልካ ስለነበር እሱም ተነሣ። ሁለት እህቶች በእኔ ምክንያት ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። ትምህርት ሲከፈት ወደ ቦንጋ ተመለስኩ፤ ሕመሙም ተመለሰ።

የእሑድን ነገር መጀመሪያ ያስተዋለችው እትዬ አስካለች ናት። አክስቴ የወንጌላውያን አማኝ ስለሆነች እሑድ ምግብ ቤቱ ይዘጋል፤ እሳት አይነድም። እኔም ከአክስቴ ጋር ጸሎት ቤት እሄዳለሁ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስዘምር አይታኝ፣ «የአንቺ ሕመም ሰንበት ያከብራል» አለች። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የእኔም እንደዚሁ ነው» አለች። ስለራሷ ያለችውን ማንም አላነሣውም። ስለ እኔ ያለችውን ግን አክስቴ ልቧ ውስጥ አስቀመጠችው።

አክስቴ ነገሩን ለወንድም ጳውሎስ ነገረችው። ወንድም ጳውሎስ በየቤቱ እየዞረ ለታመሙ የሚጸልይ፣ ሰው የሚያከብረው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሲያስበው ቆየና፣ ጸሎት ቤት ስትመጣ የሚለቃት፣ አገሯ ስትሄድ የሚተዋት፣ እዚህ ስትመለስ የሚይዛት ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ቤቱ ውስጥ ነው አለ። አሁን ሳስበው ከሁላችንም ለእውነቱ የቀረበው እሱ ነበር። ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ አለ፤ ነበረም። የማይታየው ነገር ግን መንፈስ ነው ብለን ወሰድነው። ሐኪሞቹ ያላወቁትን ይህ ያብራራል ብለን ስለነበር፣ እኔም አመንኩ። መዳን ስለምፈልግ የተባልኩትን ሁሉ አምን ነበር።

ጸሎቱ እዚያው ቤቱ ውስጥ፣ እኔ በማድርበት ክፍል እንዲሆን ተወሰነ። ረቡዕ ነበር፤ የምሳ ሰው ካለቀ በኋላ። ወንድም ጳውሎስና ሁለት እህቶች መጡ። ዝናቡ የቦንጋ ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮውን ሲመታ ሰው አያነጋግርም። የማእድ ቤቱ የጓሮ በር ነፋስ እያስገባ ስላስቸገረ፣ ደግሞም መዝሙሩ ወደ መንገድ ወጥቶ የሰው ወሬ እንዳንሆን፣ ተዘጋ። እኔ ጾሜ ስለነበር በረደኝ። አክስቴ ሙቀቱ እንዲገባልኝ በእኔ ክፍልና በማእድ ቤቱ መካከል ያለውን በር ከፈተችው። ሁለት የከሰል ምድጃ ሙሉ ፍም ነበር፤ በአንዱ ለማታ የሚሆን ምስር ተጥዷል። እትዬ አስካለች ኦርቶዶክስ ስለሆነች ጸሎቱ ውስጥ አልገባችም። «እናንተ ጸልዩ፤ እኔ ድስቱን እጠብቃለሁ» ብላ ምድጃው አጠገብ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

የማስታውሰው እስከ መዝሙሩ ነው። የሚዘምሩት ከአጠገቤ ሆነው ሳሉ ድምፃቸው ከሌላ ቤት የሚመጣ ይመስለኝ ጀመር። እግሬ ከዳኝ። የቀረው የተነገረኝ ነው።

ስወድቅ ደስ አላቸው። በእኛ ዘንድ በጸሎት መካከል የታመመ ሰው ሲወድቅ ክፉው ለቀቀው ይባላል፤ ስለዚህ ከመሬት አላነሡኝም፣ ጸሎታቸውን አበረቱ እንጂ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከእህቶቹ አንዷ ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራተተች፤ እሷም ተነክታለች ተባለ። ወንድም ጳውሎስ ተንበርክኮ ነበር። መነሣት ሲያቅተው የእግዚአብሔር ክብር ቤቱን ሞልቶት ጉልበቱ የከበደው መስሎት እንደነበር፣ ኋላ ሆስፒታል ሊጠይቀኝ ሲመጣ ራሱ ነገረኝ። እየነገረኝ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ነበር። አክስቴ ውኃ ልታመጣ ብላ ወደ አዳራሹ ስትሄድ መንገድ ላይ ወደቀች።

ጋሽ ደምሴ ዝናቡን ሽሽት ከወትሮው ቀድመው መጡ። አዳራሹ ባዶ ነበር፤ ምስሩ አርሮ ሽታው እስከ በሩ ደርሷል። ተጣሩ፤ መልስ የለም። ወደ ውስጥ ሲገቡ አክስቴን መሬት ላይ አገኟት። ጎትተው አወጧት፤ ወደ መንገዱ ጮኹ። የባጃጅ ሾፌሮች ሮጠው መጡ። እያንዳንዳችንን ወደ ዝናቡ አወጡን። እትዬ አስካለች ግንባሯን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁጭ እንዳለች ነበረች። ሌሎቻችን ተዘርረን ስለነበር፣ እሷ ያሸለባት መስሏቸው ለመጨረሻ ተዋት። ጋሽ ደምሴ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እሷ ሲነሣ ከክፍሉ ይወጣሉ።

ስነቃ ሆስፒታል ነበርኩ፤ አፍና አፍንጫዬ ላይ ጭምብል ነበረ። ወጣቱ ሐኪም አክስቴንና ወንድም ጳውሎስን እየጠየቀ ነበር። አክስቴ የእኔን ረጅም የሕመም ታሪክ ከታይፎይዱ ጀምራ ልትነግረው ስትል አቋረጣት።

«እናቴ፣ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ከወደቃችሁ ይህ የአንድ ሰው ሕመም አይደለም። ቤት ውስጥ ምን ይነድ ነበር?»

«ምንም አይነድም» አለች አክስቴ። «እኛ ጋ ጭስ የሚባል የለም። ከሰል ነው የምንጠቀመው።»

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቀስ ብሎ አስረዳን። ከሰል ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ያወጣል። ቀለም የለውም፤ አይሸትም፤ ዓይን አያስለቅስም። ደማችን ኦክስጅን መሸከም ሲገባው ይህን ይሸከማል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ጥቂት ጥቂቱን በየቀኑ የሚስብ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይረሳል። ከእሳቱ ሲርቅ ይሻለዋል። የድሮው ጭስ ቢያንስ ሰውን ያባርር ነበር አለን። አክስቴ እስኪጨርስ ሰማችውና፣ «አስካለች የታለች?» አለች። እስከዚያ ሰዓት የነገራት አልነበረም።

ሆስፒታል የቆየሁባቸው ቀናት ከሕመሙ ይልቅ በፍርሃት የከበዱ ነበሩ። እንቅልፍ ከወሰደኝ የማልነቃ ይመስለኝ ነበር። የኦክስጅኑ ሲሊንደር ለብዙ በሽተኛ አንድ ስለነበር፣ ለሌላ ሰው ሲወስዱት ትንፋሼን እቆጥባለሁ። ከጎኔ የተኛ በሽተኛ የሚያስታምሙ አሮጊት፣ ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ የቀረሁት ሴት፣ ይህን አይተው ሁልጊዜ መስኮቱን ይከፍቱልኝ ነበር። ብርድ ነው ብለው ሌሎች ሲቃወሙ፣ ልጅቷ አየር ተርባለች ይሏቸዋል። እናቴ ከዋጫ የመጣችው ጠብ ይዛ ነበር። ስትገባ አክስቴ ጭምብል አድርጋ፣ ፊቷ አብጦ፣ ግድግዳ እያየች ተቀምጣለች። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ የለበሰችውን ጋቢ ግማሹን አለበሰቻት። ስለ ኮረሪማው ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም።

ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም። ብርጭቆ ከእጄ ይወድቃል፤ የሰው ስም ይጠፋኛል፤ ያነበብኩትን ሁለት ሦስት ጊዜ ካልደገምኩ አይዘኝም። ጅማ ድረስ ለምርመራ ተልኬ፣ ጊዜ ይፈልጋል ተባልኩ። ትምህርቴን አቋርጬ፣ ዘንድሮ እንደገና አንደኛ ዓመት ነኝ። ሐኪሙ ሲያሰናብተን በሌሎች አገሮች እሳት የሚነድባቸው ምግብ ቤቶች ይህ አየር ሲጠራቀም የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ ግድግዳ ላይ እንዲሰቅሉ ሕግ እንደሚያስገድድ ነግሮን ነበር። አክስቴ ይህን አልረሳችም። እኔን ይዛ ተቆጣጣሪው ቢሮ ሄደች። ተቆጣጣሪው ትሑት ልጅ ነው፤ ተነሥቶ አስቀመጠን፣ ሐዘኑን ገለጸ። ስለ መሣሪያው ስትጠይቀው ግን ራሱን አከከ።

«እትዬ፣ መስፈርቱ ላይ የለም። መታጠቢያ አለ፣ ሽርጥ አለ፣ የሠራተኛ የጤና ምርመራ አለ። ይሄ የለም።»

«ይጨመራ።»

«ከላይ ሲወርድ ነው የሚጨመረው።»

«እንግዲያው ከላይ እስኪወርድ የሞዴሉን ወረቀት ውሰዱልኝ። እኔን አይተው የሠሩ ሰዎች አሉ።»

ወረቀቱን አልወሰዱትም፤ ራሷ አውርዳ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ማእድ ቤቷን አይተው የሠሩትን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞረች ነገረቻቸው። አንዱ አመስግኖ ያንኑ ቀን ኮርኒሱን ቀደደ። ሌላዋ፣ ሬሳ የወጣበት ቤት ባለቤት ደንበኛችንን ልትበትን መጣች ብላ ከደጃፍ መለሰቻት። የእሷ ማእድ ቤት እስከዛሬ ነጭና ዝግ ነው። ውስጡ የሚሠሩትን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ፤ ሥራችንን ልታስለቅቂን ነው ይሉኛል።

ከአርባው በኋላ የእትዬ አስካለች ታናሽ እህት አበራሽ ዕቃዋን ልትወስድ ከደካ መጣች። ዕቃው አንድ ፌስታል አልሞላም። አበራሽ እህቷ እንዴት እንደሞተች ከእኔ መስማት ፈለገች፤ የማውቀውን ነገርኳት። ለእኔ የተሄደበትን ክሊኒክ ሁሉ፣ መርፌውን፣ ጅማውን፣ ጸሎቱን እስከ መጨረሻው ሰማች።

«እሷንስ ያመማት ነበር?»

«ያማት ነበር። ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች ለእሳቱ የምትቀርበው።»

«ማን ወሰዳት?»

አበራሽ ዕንባዋን በመዳፏ ጠረገች። አክስቴ ቀስ ብላ ቦታው እንዳለ፣ ከፈለገች የእህቷን ሥራ እንደምትሰጣት ነገረቻት። ስድብ ቢመስልባትስ ብላ ፈርታ ነበር። የእትዬ አስካለች ሁለት ልጆች ግን አሁን አበራሽ እጅ ላይ ናቸው፤ ደካ ደግሞ የደመወዝ ሥራ የለም። ተነሥታ ወደ ማእድ ቤቱ ገባች። ላስቲኩ ከመስኮቱ ተነሥቷል፤ ኮርኒሱ ወርዷል፤ ከጣራው በታች ብሎኬት ተፈልፍሎ ሰማይ ይታያል። ይህን ሁሉ ጊዜ ወስዳ አየችው። የጓሮውን በር ዘጋችና ከፈተችው፤ እንደገና ዘጋችው።

«ይሄ ይነቀል» አለች። «ክፍት ይሁን ብትሉኝ ብርድ ሲሆን ራሴው እዘጋዋለሁ። ከነማጠፊያው ይነቀልልኝና እሠራለሁ።»

አክስቴ መዶሻ አመጣች። እኔ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ በሩን ከታች ደግፌ ያዝኩላቸው። ተቆጣጣሪው በሚቀጥለው ዙር ሲመጣ በር የለውም ብሎ ነጥብ ቀነሰ፤ የምግብ ቤቱም ደረጃ ወረደ። ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲመጣ እስከ ድስቱ ይረጫል። አበራሽ ጋቢ ደርባ ትሠራለች።